የጭነት መኪና ፍጥነትና የባለቤቱ ትርፍ

ንግድ ሁሉ በልክ ሲያዝ ሀብትን ያበዛል፤ ልኩን ያለፈ እንደ ሆነ ግን ያበዛውን ሀብት መልሶ ይበላል። ይህ ነገር በእህልና በጨርቅ ነጋዴ ዘንድ የታወቀ ሲሆን፥ ሸክም በማጓጓዝ በሚኖረው ሰው ዘንድ ገና በሚገባ አልተመረመረም። ይልቁንም ካሚዮኑን በብድር ገዝቶ፥ ባለቤቱም ነጂውም ራሱ ሆኖ የሚሠራው ሰው፥ «ቶሎ የደረሰ ብዙ ያተርፋል» የሚለውን አሳብ እንደ ሕግ ይዞ ሲደክም ይታያል።

የዚህን አሳብ ስሕተት ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከመገናኛ ተነሥቶ በኮተቤና በካራ በኩል ወደ ለገጣፎ፥ ወደ ሰንዳፋና ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣውን መንገድ መመልከት ይበቃል። በዚህ መንገድ እህል ወደ ከተማ ይገባል፤ ሲሚንቶ፥ ብረትና ሸቀጥ ወደ ደሴና ወደ ሰሜን ይወጣል። በዚያው ዳር ተማሪው፥ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ የተሸከመችው ሴት፥ በወሩ በ12ኛው ቀን ወደ የካ ሚካኤል የሚገሠግሠው ምእመን በእግሩ ይሄዳል። ስለዚህ የካሚዮን ፍጥነት የባለካሚዮኑ የብቻ ጉዳይ አይደለም።

አስቀድሞ የገንዘቡን ነገር መመርመር ይገባል። የናፍጣ ዋጋ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ለአንድ ሊትር 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበረ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሆነ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል አንድ ከባድ መኪና ከልክ በላይ በመቸኮሉ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 5 ሊትር ጨምሮ ቢያቃጥል፥ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው የደሴ መንገድ 20 ሊትር ይባክናል። ይህ ብክነት በሐምሌ 2014 ዋጋ 980 ብር ሲሆን፥ በጥር 2017 ዋጋ ግን 1,980 ብር ገደማ ነው። የጎማው፥ የፍሬኑና የሞተሩ ማለቅ ገና አልተቈጠረም።

ናፍጣው ስለ ምን ይባክናል? ምክንያቱ ግልጥ ነው። አየር ለዓይን ባይታይም ለመኪና እንደ ግድግዳ ነው፤ የመኪናው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ዳግመኛም የሚቸኩል ነጂ በየመታጠፊያውና በየመንደሩ፥ ከብት ባጋጠመው ቍጥር ሁሉ ፍሬን ይይዛል፤ በናፍጣ የገዛውን ፍጥነት በፍሬን አቃጥሎ ይጥለዋል ማለት ነው። በእንጦጦና በጣርማ በር ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፥ አየር ያጠረው ሞተር ነዳጅ መስጫውን ቢረግጡት ኃይል በመስጠት ፋንታ ጥቁር ጢስ ይተፋል። ያ ጢስ ሳይሠራ የወጣ ገንዘብ ነው።

በጊዜ በኩል የሚገኘውስ ትርፍ ምንድን ነው? በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና፥ 40 ከሄደው ይልቅ በ400 ኪሎ ሜትር ላይ ሁለት ሰዓት ይቀድማል። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአዲስ አበባ አስተዳደር ከባድ የጭነት መኪናዎች ቀን በከተማው ውስጥ እንዳይዘዋወሩ በከለከለ ጊዜ፥ በቀትር ካራ የደረሰውም በዐሥር ሰዓት የደረሰውም መሽቶ መንገዱ እስኪከፈት አብረው ሊቈሙ ግድ ሆነ። የመጋዘን ሹም በሌለበት ሌሊት የሚደርሰውም እንዲሁ ነው። ሕይወቱን አስይዞ ያገኛትን ሁለት ሰዓት በበር ላይ ተቀምጦ ይጨርሳታል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የተባለው ይህን ለመሰለው ነው።

ይሁን እንጂ ቍጠባን አጥብቆ መፈለግም ሌላ ጥፋት እንዳያመጣ መጠንቀቅ ይገባል። ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና፥ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ቍልቍለት እጅግ ረጅም ነው። በዚህ ላይ ነዳጅ አተርፋለሁ ብሎ ማርሹን አውጥቶ በፎሌ የሚለቅ ነጂ፥ የመኪናውን ክብደት ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጥላል፤ ፍሬኑም ግሎ ይከዳዋል። ሊወጣው በሚችለው ማርሽ ወርዶ፥ መኪናውን በሞተሩ ይዞ የሚሄድ ግን ፍሬኑን ያሳርፋል፤ ነፍሱንም ይጠብቃል። የጥንቱ ነጋዴ የቅፍለቱን በቅሎ በአቀበት አያስሮጥም፥ በቍልቍለትም አይለቅም ነበር። በቅሎዪቱ ከወደቀች ጭነቱም ትርፉም አብሮ እንደሚወድቅ ያውቃልና። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደውም ሴት ገበያ እንዳያመልጣት ብትሠጋም እየሮጠች አትወርድም።

የቸኰለውን ነጂ ብቻ መውቀስ ግን ፍርድን ማጓደል ነው። ሕዝቡ አይሱዙ ለተባለው መኪና ከፍጥነቱና ካደረሰው ጉዳት የተነሣ «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ስም እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር፤ አትክልቱና ጫቱ ሳይጠወልግ ይድረስልኝ ብሎ ነጂውን የሚያስቸኵለው ባለጭነት ግን ስም አልወጣለትም። የብድሩ ቀን አይጠብቅም፤ ኪራዩን ደላላ ይቈርጠዋል፤ በመመለሻው ጭነት የታጣ እንደ ሆነ ባዶውን ለሚነዳው ናፍጣ የሚከፍል የለም። በማራገፊያ ቦታ ቀን ሙሉ ቁሞ የዋለ ሰው የቀኑን ኪሳራ በመንገድ ሊመልስ ቢሞክር አያስደንቅም። ፍጥነቱ በመንገድ ላይ ይታያል እንጂ የሚወለደው በመጋዘን በር ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ ከሁለት ወገን ይፈለጋል። ባለመኪናው በየጕዞው የቀዳውን ናፍጣ፥ የሄደበትን ኪሎ ሜትርና የተቀበለውን ኪራይ በደብተር ይጻፍ፤ ሁለት ወር ጽፎ ቢያነጻጽር ትርፉ በየትኛው ፍጥነት እንደሚገኝ ራሱ ይፈርዳል። ሹማምንትም ጭነት የሚራገፍበት ሰዓት የተወሰነ እንዲሆን፥ ያለ ጥፋቱ ላዋሉት ነጂ የመዋያ ዋጋ እንዲከፈል፥ በከተማው በር የሚያርፍበት ቦታ እንዲዘጋጅ ቢያደርጉ፥ ከመቶ ተቈጣጣሪ ይልቅ ፍጥነትን ያበርዳሉ። ቅጣት ብቻውን የሚያስተምረው ተቈጣጣሪ ያለበትን ቦታ ማወቅን ነውና።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ብዙ ነጂ የመልአክ ሥዕል በመስተዋቱ ላይ ሰቅሎ፥ ሲነሣ አማትቦ ይሄዳል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የመልአኩን ጥበቃ ለምኖ በመንደር መካከል በፍጥነት የሚያልፍ ሰው፥ ያ መልአክ በመንገድ ዳር የሚሄደውንም ሕፃን እንደሚጠብቅ ዘንግቷል። የነፍስ አባት ልጁን ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ እንደሚጠይቀው ሁሉ፥ ስለ አነዳዱም ቢጠይቀው ከሥራው የወጣ አይሆንም።

መኪና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደዚህ አገር የገባው የሰውን ድካም ሊያቀል ነው። በልኩ የነዳው ብድሩን ከፍሎ፥ መኪናውን አቈይቶ ወደ ልጆቹ ይመለሳል። ከልክ ያለፈው ግን የሁለት ሰዓት ትርፍ ሲፈልግ የዕድሜ ልክ ዕዳ ያገኛል፤ ያንንም ዕዳ ብዙ ጊዜ የሚከፍሉት ያላበደሩት ናቸው።