«ይደር» አንበል

የዘንገና ዙሪያ ሽማግሌዎች፣ እኩዮቼ፤ ይህን የምላችሁ በየቤቱ የመጨረሻው ቃል የእኛ ስለሆነ ነው። ልጅ የዳር መንጋጋው ሲያመው «ገበያ ላይ ጥርስ ነቃይ አለ» የምንል እኛ ነን። ተነቅሎ ሲያብጥም «ይደር፣ ነገ ይጎድላል» የምንል እኛው።

ሕመሙ ሁሉ አንድ አይደለም። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን እስከ ጆሮ የሚጠዘጥዝ፣ አፍ የሚያገማ ሕመም ከመጣ ጉድጓዱን የሸፈነው የረጋ ደም ለቅቋል ማለት ነው። ያሠቃያል እንጂ አይገድልም፤ ሐኪም አጥቦ መድኃኒት ያደርግበታል። አረቄ አታጉመጥምጡት።

የሚገድለው ሌላ ነው። የታችኛው የዳር መንጋጋ ሥር ጫፉ የአፍን ወለል ከያዘው ጡንቻ በታች ይወርዳል። ስለዚህ መግሉ ወደ አፍ ሳይሆን ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ሊሄድ ይችላል። ከአገጭ ሥር ግራና ቀኙ እንደ እንጨት ይደድራል፤ ምላስ ወደ ላይ ይገፋል፤ ምራቅ መዋጥ ያቅታል፤ ድምፅ ይታፈናል። ቀጥሎ የሚዘጋው ትንፋሽ ነው። ሉድቪግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1836 ጽፎበታል፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ከሚያዙት ከግማሽ በላይ ይሞቱ ነበር። ዛሬ የሚተርፈው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል የደረሰ ነው። እዚያ ትንፋሹን ይጠብቁለታል፣ መግሉን ያፈሱለታል፣ መድኃኒቱን በደም ሥር ይሰጡታል። ትኩስ ጨርቅና ቅጠል ሰዓት ከመብላት በቀር ምንም አይፈይዱም። ስትወስዱትም በጀርባው አታስተኙት፤ ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ያዘንብል።

ከመነቀሉ በፊትም የምንደብቀው ነገር አለ። ለጋብቻ የደረሰች ልጅ የልብ ሕመሟ እንዲሰማ አንወድም። በየወሩ መርፌ የምትወጋ፣ ደም ማቅጠኛ የምትውጥ ከሆነች ግን ነቃዩ ሐኪም ማወቅ አለበት፤ ከጥርስ የተነሣ ተሕዋስ የታመመ ልብ ላይ ያርፋል፣ ደሙም አልቆም ይላል። ስኳር ያለበትም እንዲሁ ይናገር። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታስቁሙ።

አስፋልቱ በደጃችን ነው፣ እንጅባራም ቅርብ ናት። ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ፈረሳችንን ለመሸለም ብር የማናጣ ሰዎች ለሌሊት መኪና ልናጣ አይገባም። የዕድራችን ገንዘብ ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለዚህም እንዲወጣ በመጪው ስብሰባ አነሣለሁ፤ ተዘጋጅታችሁ ኑ።