መጠይቁ ለሁሉ እኩል ይለካልን?

ጨርቅ በክንድ በሚለካበት ገበያ ብልህ ገዢ አስቀድሞ የሚያየው የለኪውን ክንድ ነው። በረጅም ክንድ አሥር የተባለውና በአጭር ክንድ አሥር የተባለው እኩል አይደሉምና። ይህ ለገበያተኛ ሁሉ ግልጽ የሆነው ነገር በመሥሪያ ቤት ሲዘነጋ እናያለን።

የሠራተኛውን አሳብ ለማወቅ መጠይቅ ይታደላል። ሠራተኛውም «በአለቃዬ አመራር ረክቻለሁ» ለሚለው ቃል ከአምስት ደረጃዎች አንዱን ያመለክታል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1932 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሬንሲስ ሊከርት ነው። ከዚያም መልሱ ይደመራል፣ ይካፈላል፤ የሴቶቹ ከወንዶቹ፣ የወጣቶቹ ከአንጋፎቹ ጋር ይነጻጸራል።

ነገር ግን አራትን ያመለከተችው የጽዳት ሠራተኛና አራትን ያመለከተው መሐንዲስ በእርግጥ እኩል ረክተዋልን? እርስዋ ቅጹ ከአለቃዋ እጅ ይገባል ብላ ፈርታ፣ ወይም ይሉኝታ ይዟት፣ ሁለት የሚገባውን አራት ብላው እንደ ሆነስ? እንዲህ ከሆነ መፍትሔ የሚያሻው ክፍል «ደኅና ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ በግልጽ መናገር የለመደው ወጣት ደግሞ ምሬተኛ ተብሎ ይወቀሳል።

የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ለዚህ መፈተኛ አበጅተዋል። ስዊድናዊው ካርል ዮሬስኮግ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት የልዩ ልዩ ወገኖች መልስ ባንድነት የሚመረመርበትን መንገድ አሳይቷል። ምርመራው በደረጃ ነው። አንደኛ፣ ጥያቄዎቹ በየወገኑ በአንድ ዓይነት አሳብ ዙሪያ ይሰበሰባሉን? ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ከዚያ አሳብ ጋር ያለው ትስስር በየወገኑ እኩል ነውን? ሦስተኛ፣ እኩል የረኩ ሰዎች ከየትኛውም ወገን ቢሆኑ ለጥያቄው እኩል ቁጥር ይሰጣሉን? ይህ ሦስተኛው ሳይረጋገጥ የሁለት ወገን አማካይ ማወዳደር በሁለት ክንድ ለክቶ መከራከር ነው።

ፈተናውን ያላለፈ ጥያቄ ቢኖር ይታረማል ወይም ይወጣል። ይሁን እንጂ ፍርሃቱ ጥያቄዎቹን ሁሉ እኩል የነካ እንደ ሆነ ሒሳብ ብቻውን አይደርስበትም። ስለዚህ ስም አለመጠየቅ፣ ቅጹንም አለቃ በማይደርስበት መንገድ መሰብሰብ፣ ከየክፍሉ ጥቂት ሠራተኞችን ጠርቶ «ይህ ጥያቄ ምን ማለት መሰላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቁጥር መመራት መልካም ነው። ቁጥሩ ግን ለደፋሩም ለዝምተኛውም እኩል የቆመ መሆኑ አስቀድሞ ይፈተን። አለዚያ ብዙ የተበደለው ሠራተኛ በገዛ እጁ በሞላው ቅጽ እንደገና ይበደላል።