የፊዚዮቴራፒ ተመራቂው የሥራ ቦታ የት ነው?

በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ የሰለሉበት ሻምበል አበበ ቢቂላ ለሕክምና እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል ድረስ መሄድ ግድ ሆኖበት ነበር። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በዲግሪ ያስመርቃል። ተመራቂው ግን ወዴት ይሂድ? በክለቦቻችን ዘንድ የተለመደው በረዶ ይዞ ወደ ሜዳ የሚሮጠው «ወጌሻ» ነው፤ የተበጠሰ የጉልበት ጅማት ግን ወራት የሚፈጅ፣ በደረጃ እየከበደ የሚሄድ እንቅስቃሴ ይሻል። የሥራ መደብ ሳይከፈት «ሙያህን አሳድግ» ማለት ፌዝ ነው። ብሔራዊ ቡድንም ብቸኛው በር መሆን የለበትም። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ፋብሪካዎች ሸክም ወገቡን የጎዳው ሠራተኛና በሠፈሩ ሜዳ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ወጣት የሚሹት ያንኑ እጅ ነው። ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበራት ይህ መደብ በኅብረት ስምምነታቸው እንዲገባ ይጠይቁ፤ ባለሙያውንም የሠፈሩ ቡድን በሳምንት አንድ ቀን ይጋራቸው።