የማን ልጅ? የማን ሚስት? የማን እናት?

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ይላል ተረታችን። ተረቱን ያወጣው ወንድ ለመሆኑ ማስረጃ ፍለጋ መድከም አያሻም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ከተረቱ ጋር ለመጣላት ሳይሆን፣ ተረቱን በአንዲት እንግሊዛዊት ቀራጺ ላይ ከመዘዙብኝ አንድ የማከብራቸው ሰው ጋር ሒሳብ ለመተሳሰብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሜያቸውም ንባባቸውም ከእኔ የሚልቅ አንድ ጋሼ (ስማቸው ሲነሳ ስለማይወዱ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል) ከለንደን ያመጡትን የፎቶግራፍ ጥራዝ ዘርግተን፣ ጥቂት ሰዎች ቡና እየጠጣን እንጨዋወት ነበር። ጋሼ ከገጾቹ ሁሉ መርጠው ያቆሙን በዌስትሚንስተር ድልድይ ጥግ፣ ከፓርላማው ትይዩ ካለው የነሐስ ሐውልት ላይ ነው። በሮማውያን ላይ ያመፀችው የጥንት ብሪታኒያ ንግሥት ቦዲሲያ፣ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ፣ መንኰራኩሩ ላይ ስለት የተሰካበትን ሠረገላ ስታስጋልብ ያሳያል።

«ይህ የቶርኒክሮፍት ቤት ሥራ ነው» አሉ ጋሼ። «አባትየው ቶማስ ይህን ሠራ። ልጁ ሃሞ ደግሞ ክሮምዌልን ከፓርላማው ደጃፍ አቆመው። የጥበብ ቤተሰብ ማለት ይህ ነው፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ በደም ይወርዳል።»

«እናቲቱስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እሷማ የንግሥቲቱን ልጆች ፊት ትሠራ ነበር። ያውም አባቷም ባሏም ቀራጺ ስለነበሩ ነው» አሉና ያንን ተረት ጣል አደረጉበት። ሰው ሳቀ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አብሬ ፈገግ አልኩ። መልሱ የመጣልኝ ማታ፣ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጋሼ፣ ከ«ደም» እንጀምር። (የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ቶማስ ቶርኒክሮፍት በ1815 ቼሻየር ውስጥ ከገበሬ ቤት ተወለደ። ሐኪም እንዲሆን ከአንድ ቀዶ ጥገና አዋቂ ዘንድ ለልምምድ ተልኮ፣ እሱን ጥሎ ነው ወደ ቅርጻ ቅርጽ የመጣው። ያስተማረው የሜሪ አባት ጆን ፍራንሲስ ነው። ጆን ፍራንሲስም ቢሆን ለእርሻ ያደገ ሰው ነበር። ታዲያ የትኛው ደም ነው የወረደው? በዚያ ቤት ካሉት ሦስት ታላላቅ ሰዎች መካከል ከቀራጺ አብራክ የተገኘችው አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም ሜሪ። በእርስዎ ሕግ ብንሄድ እንኳ የቤቱ ወራሽ እሷ ናት፣ ቶማስ ደግሞ ቤት ገብ አማች። ጋብቻቸው በ1840 ነው። እሷ ግን ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብላ፣ በ1835፣ በአባቷ ስም፣ ሜሪ ፍራንሲስ ተብላ፣ በሮያል አካዳሚ ትርኢት ላይ ሥራዋን አቅርባ ነበር። ባሏ አላስተማራትም፤ ከአባቷ እግር ሥር አብሯት ተቀምጦ ተማረ እንጂ።

ስለ ልደቷ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ መጽሐፍ ኖርፎክ ውስጥ ቶርንሃም በሚባል ቦታ በ1809 ተወለደች ይላል፤ ሌላው በ1814። የአምስት ዓመት ልዩነት ነው። ከእጇ የወጡት የንጉሣውያን ልጆች ልደት ግን እስከ ቀኑ ድረስ ተመዝግቦ ይገኛል። ጸሐፊዎቹ መቁጠር አቅቷቸው አይደለም።

እኔ ግን በደም አላምንም። የማምነው በበር ነው። ሜሪ ወጣት በነበረችበት ዘመን ቅርጻ ቅርጽ መማር የፈለገ እንግሊዛዊ ወንድ፣ ሥራው ካማረ፣ የሮያል አካዳሚን ትምህርት ቤት በር ያንኳኳ ነበር። ሴት ግን አታንኳኳም። አካዳሚው በ1768 ሲመሠረት ሁለት ሴት ሠዓሊዎች፣ አንጀሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞዘር፣ ከመሥራቾቹ ተቆጥረው ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ዞፋኒ የተባለ ሠዓሊ አባላቱን በአንድ ክፍል ሰብስቦ ሲሥላቸው፣ በክፍሉ ውስጥ ራቁቱን የተቀመጠ ወንድ ሞዴል ስለነበረ ሁለቱን ሴቶች ከመሐል ማስቀመጥ ነውር ሆነበት። ምን አደረገ? ግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ሥዕል አድርጎ ሣላቸው! ከዚያ በኋላ እስከ 1936፣ ሎራ ናይት እስክትመረጥ ድረስ፣ አንዲትም ሴት የአካዳሚው ሙሉ አባል አልሆነችም። ትምህርት ቤቱ ራሱ የመጀመሪያዋን ሴት ተማሪ የተቀበለው በ1860 ነው፤ እሱም ተታልሎ። ሎራ ኸርፎርድ ሥዕሏን ስትልክ የመጠሪያ ስሟን የመጀመሪያ ፊደሎች ብቻ ጽፋ ነበርና ወንድ መሰለቻቸው።

ስለዚህ ለሜሪ የአባቷ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ጭቃው፣ ጀሶው፣ መሮውና የእብነ በረዱ አቧራ፣ ብቸኛ ትምህርት ቤቷ ነበር። ጋሼ «ያውም አባቷ ቀራጺ ስለነበረ ነው» ሲሉ ሊያሳንሷት ነው። እኔ ያንኑ ቃል ወስጄ ወደ ሌላ ወገን አዞረዋለሁ፦ አባታቸው ገበሬ የሆነ ወንዶች፣ እንደ ቶማስና እንደ ጆን ፍራንሲስ ያሉት፣ ቀራጺ መሆን ከቻሉ፣ አባቷ ገበሬ የሆነች ሴት ልጅ የት ቀረች? የዚያችን ልጅ ስም የሚነግረን መጽሐፍ የለም። የጥበብ ቤተሰብ እያልን የምናደንቀው ነገር ለወንዱ ጌጥ ነው፤ ለሴቷ ግን መተንፈሻ ቀዳዳዋ ነበር።

አሁን ወደ «የልጆች ፊት» እንምጣ።

ሜሪና ቶማስ ከተጋቡ በኋላ ወደ ሮም ሄዱ። የበኩር ወንድ ልጃቸው ጆን አይዛክ በ1843 የተወለደው እዚያው ሮም ነው። በዚያ ከዴንማርካዊው ቶርቫልድሰንና ከእንግሊዛዊው ጆን ጊብሰን ጋር ተዋወቁ። የሁለቱ ስም በዚያ ዘመን የቀራጺነት ጫፍ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ለልጆቻቸው ምስል ቀራጺ ሲፈልጉ ጊብሰን የጠቆመው ሰው፣ እንግዲህ ልብ ይበሉልኝ፣ ቶማስን አይደለም። ሜሪን ነው። ሮም ተቀምጦ የሁለቱንም እጅ ያየ ሰው የሰጠው ፍርድ ስለሆነ፣ ከእኔና ከጋሼ ፍርድ ይልቅ እሱን ብንሰማ ይሻላል።

ሜሪም አራቱን የንግሥቲቱን ልጆች በአራቱ ወቅቶች አምሳል ቀረጸቻቸው። አሊስ ጸደይ፣ ታላቂቱ ቪክቶሪያ በጋ፣ አልፍሬድ መኸር፣ የኋላው ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ደግሞ ክረምት ሆነው። በ1858 ደግሞ ሕፃኗን ቢያትሪስን በባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ አስተኝታ ሠራቻት። እነዚህ ሥራዎች ንግሥቲቱ ዋይት በተባለው ደሴት ላይ ካሠሩት ከኦስቦርን ቤት ጋር ስማቸው አብሮ ይነሳል። (ያንን ቤት የእኛም ታሪክ ያውቀዋል፤ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ከንግሥቲቱ ፊት የቀረበው እዚያው ነው። የእሱ መልክ በፎቶግራፍ ቀረ። የዚያ ቤት ልጆች መልክ ግን በእብነ በረድ ነበር የሚቀረው።) እዚያው ቤት የጨቅላዎቹ ልዑላን ትንንሽ እጆችና እግሮች ከእብነ በረድ ተቀርጸው ይገኛሉ፤ ከመካከላቸው የሜሪ ሥራ ተብለው የተመዘገቡ አሉ።

«ታዲያ ይህ ከቦዲሲያ ጋር ይወዳደራል?» ይሉኝ ይሆናል። ለምን አይወዳደርም! ለመሆኑ ሕፃን ቀርጾ የሚያውቅ አለ? ሕፃን አጥንቱ አይታይም። ጉንጩ፣ አንገቱ፣ ክንዱ ሁሉ ሥጋ ነው፤ ቀራጺ የሚይዘው ጥግ የለውም። የሸመገለ ሰው ፊት መሮው ራሱ መንገዱን ያገኛል፤ ሽብሽቡ ይመራዋል። ሕፃን ላይ ግን በስንዴ ቅንጣት ታህል የሳተ ሰው አሻንጉሊት ይሠራል። በዚያ ላይ ልዑልም ቢሆን ልጅ ልጅ ነው፤ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም። በነሐስ ሠረገላ ስፋት የሚደነቅ ሰው መለኪያው ክንድ ነው፤ እኔ ደግሞ ቅርጻ ቅርጽ በክንድ አይለካም ባይ ነኝ።

ቶማስን ላሳንሰው አልፈልግም። ቦዲሲያን በ1856 ገደማ ጀምሮ በ1885 እስኪሞት ድረስ ሲለፋባት የኖረ ሰው ነው። ልዑል አልበርት ለሞዴልነት ፈረሶች እስከ ማዋስ ደርሰው አግዘውታል። ሐውልቷ በነሐስ ቆማ የታየችው በ1902 ነው፤ እሱ ከሞተ ከ17 ዓመት በኋላ፣ በልጁ በጆን አይዛክ ጥረት። ሌሎች ትልልቅ ሥራዎችም አሉት፤ የልዑል አልበርት መታሰቢያ ላይ «ንግድ» የሚለው የምስሎች ስብስብ የእሱ ነው። ጥሩ ቀራጺ ነበር። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ለምንድን ነው የእሱ ስም ሲነሳ «የሜሪ ባል» የማይባለው?

አንድ ሙግት ይቀራል፤ ጋሼ ያላነሱት ግን ሰው ሁሉ በልቡ የሚይዘው። ሴት እንዴት አድርጋ እብነ በረድ ትጠርባለች? ሠራተኞች ይሆናሉ እንጂ የጠረቡላት! ይህ ሐሜት በሜሪ ዘመን በአደባባይ ተጽፏል። የጊብሰን ተማሪ የነበረችው አሜሪካዊቷ ሃሪየት ሆስመር «ዘኖቢያ» የተባለውን ሐውልቷን ለንደን ላይ ባሳየች ጊዜ፣ በ1863 «ሥራው የእሷ ሳይሆን የጣሊያን ሠራተኛዋ ነው» ተብሎ በጋዜጣ ወጣባት። ክስ መሥርታ ማስተባበያ አስወጣች። አልበቃትም፤ በቀጣዩ ዓመት ቅርጻ ቅርጽ እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር ጽፋ አሳተመች። ነገሩ ቀላል ነው። ቀራጺው በጭቃ ያበጃል፤ ጭቃው ወደ ጀሶ ይገለበጣል፤ ከጀሶው ላይ በነጥብ በነጥብ እየለኩ ወደ እብነ በረድ የሚያሻግሩት ቅጥር ጠራቢዎች ናቸው፤ የመጨረሻውን ቆዳ ቀራጺው ይመለስበታል። ቶርቫልድሰን እንዲህ ነበር የሚሠራው፤ በርካታ ረዳቶችም ነበሩት። ጊብሰንም እንዲሁ። ወንዱ ሠራተኛ ሲያበዛ «ታላቅ መሥሪያ ቤት አለው» ይባላል፤ ሴቷ አንድ ስትቀጥር «በወንድ አለቀላት»። ተረታችን ለካ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝም ይኖራል!

«ንግሥቲቱ ራሳቸው ሴት አልነበሩም? ሥራ የሰጧትስ እሳቸው አይደሉ?» የሚል ቢመጣ፣ አዎ፣ ሰጥተዋታል። ከፍለዋታልም። ልጃቸውን ልዕልት ሉዊዝንም ቅርጻ ቅርጽ ታስተምርላቸው ዘንድ ለእሷ ሰጡ። ከለንደን ኬንሲንግተን መናፈሻ ውስጥ ያለውን፣ በ1893 የተመረቀውን የንግሥት ቪክቶሪያን ሐውልት የሠራችው ይህችው ልዕልት ናት። እኚሁ ንግሥት ግን በ1870 በጻፉት ደብዳቤ የሴቶችን መብት የሚሉትን ሁሉ አምርረው አውግዘዋል። ለአንዲት ሴት ሥራ መስጠትና ለሴቶች በር መክፈት ሁለት ነገር ነው።

በሩ ለማን እንደተከፈተ ከፈለግን ሩቅ አንሂድ፤ የራሷን ልጆች እንይ። ሃሞ በ1850 ተወለደ። በ1869 እናቱ ልትረግጠው ባልቻለችው የአካዳሚ ትምህርት ቤት ገባ፣ በ1875 የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ፣ በ1888 ሙሉ አባል ሆነ። የጄኔራል ጎርደንን ሐውልት ያቆመውም በዚሁ ዓመት ነው፤ ያ አፄ ዮሐንስ በ1879 ደብረ ታቦር ላይ ያነጋገሩት ጎርደን። በኋላም የ«ሰር» ማዕረግ አገኘ። ጆን አይዛክ መርከብ ሠሪ ሆኖ እሱም «ሰር» ተባለ። አሊስ፣ ሄለንና ቴሬዛ የተባሉት ሦስት ሴቶች ልጆች፣ ሁሉም በሥዕል ወይም በቅርጻ ቅርጽ ሠልጥነው በአካዳሚው ትርኢት ላይ ሥራቸውን አቅርበዋል። ቴሬዛን ዛሬ የሚያውቃት ሰው ካለ፣ የሚያውቃት የገጣሚው የሲግፍሪድ ሳሱን እናት ናት ተብሎ ነው። ልጅቱም እንደ እናቷ!

ሜሪ በየካቲት 1895 ስትሞት፣ በትርኢት ላይ ከቀረበች 60 ዓመት ሆኗት ነበር። የአካዳሚው አባል ሳትሆን ሞተች። ልጇ አባል ከሆነ ሰባት ዓመቱ ነበር።

እንግዲህ ጋሼ፣ የሚቀጥለው ቡና በእኔ ሒሳብ ነው። ጥራዙን ይዘው ይምጡ። ከቦዲሲያ ፎቶግራፍ በታች ያለው መግለጫ እንዲህ ተብሎ ቢታረም ይቃወሙ እንደሆነ ለመስማት እጓጓለሁ፦ «ቶማስ ቶርኒክሮፍት፣ ቀራጺ፤ የጆን ፍራንሲስ ተማሪና አማች፣ የቀራጺዋ የሜሪ ባል።»