ሁለት ኃይል ስላለው ትንሽ የቤተ ሰብ አውቶሞቢል

ማናቸውም አዲስ የጥበብ ሥራ ወደ ዓለም በወጣ ጊዜ ሁለት ዐይነት ሰዎች ይቀበሉታል። አንደኞቹ አዲስ በመሆኑ ብቻ ያመሰግኑታል፤ ሁለተኞቹም አዲስ በመሆኑ ብቻ ይነቅፉታል። ሁለቱም ወገኖች ሥራውን መርምረው ሳይሆን ልማዳቸውን ተከትለው የሚፈርዱ ስለሆኑ ከፍርዳቸው የሚገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። በቤንዚንና በኤሌክትሪክ በአንድነት የሚሄደው፣ ሃይብሪድ በሚል ስም የሚጠራው ትንሽ የቤተ ሰብ አውቶሞቢልም የደረሰበት ዕድል ይኸው ነው። አውቶሞቢል ወዳዶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ነገሩ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለተጫዋቾች መተው በተቻለ ነበር፤ ነገር ግን ከቤተ ሰብ መቀነትና ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚወጣ ገንዘብ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ በማስተዋል ሊመዘን ይገባዋል።

ሐሳቡ ራሱ የዛሬ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. በቪየና ከተማ በሉድቪግ ሎህነር የሠረገላ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ወጣቱ ፈርዲናንድ ፖርሸ፣ የቤንዚን ሞተር ኤሌክትሪክ እያመነጨ መንኰራኵሩን የሚያዞርበት ሠረገላ ሠርቶ አሳይቶ ነበር። ዳሩ ግን ባትሪው እጅግ ከባድ ስለ ነበረና ተራው የቤንዚን አውቶሞቢልም እየረከሰ ስለ ሄደ፣ ሐሳቡ ለብዙ ዘመን ተኝቶ ቀረ። ለብዙ ሕዝብ እንዲዳረስ አድርጎ ያስነሣው የጃፓን የቶዮታ ኩባንያ ነው። በ1993 ለመጪው ክፍለ ዘመን የሚሆን አውቶሞቢል እንዲታሰብ ሥራው ተጀመረ፤ መሪነቱም ለመሐንዲሱ ለታኬሺ ኡቺያማዳ ተሰጠ። በ1997 በዲሴምበር ወር፣ መንግሥታት ስለ አየር ጠባይ መለወጥ በኪዮቶ ከተማ በተዋዋሉበት በዚያው ወር፣ ፕሪየስ የተባለው አውቶሞቢል በጃፓን ለሽያጭ ቀረበ። ስሙ በላቲን ቋንቋ «የቀደመ» ማለት ነው። በ1999 የሆንዳ ኩባንያ ኢንሳይት የተባለውን ባለ ሁለት መቀመጫ አውቶሞቢል ወደ አሜሪካ ገበያ አወጣ፤ በ2000 ደግሞ ፕሪየስ ከጃፓን ውጭ መሸጥ ጀመረ። እስከ 2008 ድረስ የተሸጠው የፕሪየስ ቍጥር ከ1,000,000 አለፈ።

ለመፍረድ አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ተራው የቤንዚን አውቶሞቢል መንገድ ተዘግቶበት በቆመ ጊዜ ሞተሩ በከንቱ ይነዳል፤ ፍሬን በተያዘም ጊዜ አውቶሞቢሉን ያስሮጠው ኃይል ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሁለት ኃይል ያለው አውቶሞቢል ግን በቆመ ጊዜ የቤንዚኑን ሞተር ያጠፋል፤ በቀስታ ሲነሣ በኤሌክትሪክ ይነሣል፤ ፍሬን ሲያዝም የኤሌክትሪኩ ሞተር ተገልብጦ እንደ ዲናሞ እየሠራ የሚጠፋውን ኃይል ወደ ባትሪ ይመልሳል። በፕሪየስ ውስጥ የቤንዚኑንና የሁለቱን የኤሌክትሪክ ሞተሮች ጉልበት የሚያስማማው፣ በመካከል እንደ ፀሐይ አንድ ጥርሳም መንኰራኵር፣ በዙሪያውም እንደ ፕላኔት የሚዞሩ ትንንሽ መንኰራኵሮች ያሉበት መሣሪያ ነው። በዚህም ምክንያት በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም፤ ለብቻው የቆመ ሞተሪኖም አያስፈልገውም። የቤንዚኑም ሞተር እንግሊዛዊው ጄምስ አትኪንሰን በ1882 ባወጣው ሐሳብ መሠረት ቤንዚን እንዲቈጥብ ሆኖ የተሠራ ነው፤ በዚህ የሚጐድለውን ጉልበት የኤሌክትሪኩ ሞተር ይሞላለታል።

አመስጋኞቹ የሚያቀርቡት ማስረጃ ቀላል አይደለም። በ2003 የወጣው ሁለተኛው የፕሪየስ ዐይነት ከፊተኛው የሰፋ፣ ከኋላ ወደ ላይ የሚከፈት ደጅ ያለው፣ ልጆችንና ዕቃን በአንድነት የሚይዝ ሆኖ ተሠራ። በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚበቃው ቤንዚን 5 ሊትር ያህል ነው። በ2009 የወጣው ሦስተኛው ዐይነት ወደ 4.7 ሊትር፣ በ2023 ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው አምስተኛው ዐይነት ደግሞ ቍጠባ በሚበልጥበት አኳኋን ሲሠራ ወደ 4.1 ሊትር አውርዶታል። የፍሬን ሸራውም ቶሎ አያልቅም፤ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የኤሌክትሪኩ ሞተር ይሠራለታልና።

ነቃፊዎቹም ያለ ነገር አይናገሩም። የመንዳት ደስታ የሚወዱ ሰዎች፣ አቀበት በተያዘ ጊዜ ሞተሩ ብዙ ይጮኻል እንጂ በጩኸቱ ልክ አይፈጥንም፤ ፍሬኑም ለእግር እንግዳ ነው ብለው ሲነቅፉት ኖረዋል። የ2009ኙ ዐይነት 134 የፈረስ ጉልበት ብቻ ሲኖረው የ2023ቱ 194 ስላለው፣ በዚህ ነገር ክሱ እየቀለለ መጥቷል። ከዚህ የከበደው ነቀፋ ግን አንድ አውቶሞቢል ሁለት ዐይነት መሣሪያ በያዘ ጊዜ የሚበላሽበትም መንገድ ይበዛል የሚለው ነው። በፌብሩዋሪ 2010 ኩባንያው የፍሬኑን አሠራር ለማረም ከ400,000 የሚበልጡ ባለ ሁለት ኃይል አውቶሞቢሎችን ከየአገሩ መጥራቱ አይረሳም። ጉድለቱ የታረመውም ብረት በመለወጥ ሳይሆን ፍሬኑን የሚያዝዘውን የኮምፒውተር ትእዛዝ በማረም ነበር። እንዲህ ያለውን አውቶሞቢል የሚጠግን ሰው ከመፍቻው ጋር አዲስ ትምህርት እንደሚያስፈልገው ይህ ብቻ ይበቃል።

እንግዲህ ክርክሩን የሚፈርደው ምስጋናና ነቀፋ ሳይሆን ሒሳብ ነው። ለምሳሌ በከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር በሚጠጣ ተራ አውቶሞቢል ፈንታ 5 ሊትር የሚጠጣ ቢያዝ፣ በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቤተ ሰብ 360 ሊትር ያተርፋል። ያው ቤተ ሰብ ፍሬን ብዙ በማይያዝበት በረጅም ጐዳና ብቻ ቢመላለስ ግን ልዩነቱ ከ6 ወደ 5 ሊትር ሊጠብ ይችላል፤ ትርፉም 120 ሊትር ብቻ ይሆናል። በከተማ በዓመት 50,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባለ ታክሲ ደግሞ 1,500 ሊትር ያተርፋል። ይህን በቤንዚኑ ዋጋ አብዝቶ፣ ለአውቶሞቢሉ ከተጨመረው ዋጋ ጋር ያላስተያየ ገዢ «ላም አለኝ በሰማይ» እንደሚለው ሰው ነው። አንዱ አውቶሞቢል ለአንዱ በረከት፣ ለሌላው ዕዳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ባትሪውን ሊያስመረምር ይገባል። ኩባንያው በአሜሪካ ለባትሪው ለብዙ ጊዜ ይሰጥ የነበረው ዋስትና እስከ 8 ዓመት ወይም እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በኋላ ወደ 10 ዓመትና ወደ 240,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ዋስትናው ባለፈ አውቶሞቢል ላይ የባትሪው ሸክም የሚወድቀው በገዢው ላይ ነው። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከኋላ መቀመጫ አጠገብ በሚገባ አየር ስለሆነ፣ አቧራ በበዛበት አገር ይህን መግቢያ አለማጽዳት ባትሪውን ማሳጠር ነው። የሞንጎልያ ዋና ከተማ የኡላንባታር ሰዎች ከጃፓን የሚመጣውን ያገለገለ ፕሪየስ መንገዳቸውን እስኪሞላ ድረስ ወደውታል፤ ብርቱ ውርጭ ባለበት ጧት እንኳ ስለሚነሣላቸው ነው። ዳሩ ግን ያረጀ አውቶሞቢል ያረጀ ባትሪ ይዞ ስለሚመጣ፣ ውሎ አድሮ የባትሪው ማስወገጃ ለገዢው አገር የሚቀር ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ ነገሩ የራሱ መልክ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ አየር በኃይል የማይነፋለት የቤንዚን ሞተርም ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከፍታ አያጐድለውም። ከእንጦጦ ቍልቍል ሲወረድም ባትሪው ይሞላል። ነገር ግን ባትሪው ከሞላ በኋላ ተጨማሪ ኃይል አይቀበልም፤ በረጅም አቀበትም የባትሪው ስንቅ ቶሎ ስለሚያልቅ ሸክሙ ወደ ቤንዚኑ ሞተር ይመለሳል። ስለዚህ ተራራው ይረዳዋልም ይፈትነዋልም።

ከዚህም በላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የማይሞላው ተራ ሃይብሪድ የሚሠራበት ኤሌክትሪክ ሁሉ በመጀመሪያ ከቤንዚን የመጣ ነው። የሚቈጥበው የሚባክነውን በመሰብሰብ ነው እንጂ ከወንዝ ኃይል በመጠጣት አይደለም። ነዳጇን በውጭ ምንዛሪ የምትገዛ፣ ኤሌክትሪኳን ግን በብዛት ከገዛ ወንዞቿ የምታገኝ አገር፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኗ በሚኒስትሯ አፍ የተነገረውም የነዳጁን ወጪ በማሰብ ነው። በዚህ ሚዛን ሃይብሪዱ የመንገዱ እኩሌታ እንጂ መድረሻው አይደለም። ሆኖም የኤሌክትሪክ መሙያ ባልደረሰበት ስፍራ እኩሌታውን መንገድ የሄደ ሰው ከነበረበት ካልተንቀሳቀሰው ይሻላል። ከዚህ ቀደም ገብተው በመንገድ ላይ ያሉትንም በደኅና ጠብቆ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ማሠራት ቍጠባ ነው።

እንግዲህ ለመሥሪያ ቤት አውቶሞቢል እንዲመርጥ የታዘዘ ሹም፣ የደብር ገንዘብ በእጁ ያለ አስተዳዳሪ፣ ወይም ለልጆቹ የሚያስብ አባወራ አራት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። አውቶሞቢሉ በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? የሚሄደውስ በከተማ ነው ወይስ በረጅም ጐዳና? ቢበላሽ በአቅራቢያ የሚጠግነው ባለሙያ አለን? ባትሪው ሲያልቅስ የሚተካበት ገንዘብ ከወዴት ይመጣል? ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው የአመስጋኞቹ ድምፅ አያታልለውም፤ የነቃፊዎቹም ሣቅ አያሳፍረውም። መልሱን ሳይዝ የሚፈርም ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው የአባቶች ቃል ይደርስበታል። የገዛ ገንዘቡ ከሆነ የሚለቅመው እርሱ ብቻ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ከሆነ ግን የፈሰሰውን የሚለቅመው ሕዝቡ መሆኑን ማሰብ የሹም ሁሉ ግዴታ ነው።