የጫጩት ጆሮ ይታደሳል፤ የሰውስ?

የሰው ልጅ ቆዳው ቢቆረጥ ይገጥማል፤ አጥንቱ ቢሰበር ይጠገናል። የውስጠኛው ጆሮ ግን ይህ ዕድል አልተሰጠውም። በያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ድምፅን ተቀብለው ለነርቭ የሚያስተላልፉ፣ ጠጉር መሰል ጫፍ ያላቸው 15 ሺህ ያህል ሕዋሳት ይገኛሉ። እነዚህም በኀይለኛ ጩኸት፣ በበሽታ ወይም እንደ ስትሬፕቶማይሲን ባለ መድኃኒት ከሞቱ ምትክ አይበቅልላቸውም።

ይህ የፍጥረት ሁሉ ሕግ አለመሆኑ ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. ተገለጸ። በዚያ ዓመት ኮርዊንና ኮታንች በጫጩት፣ ራይልስና ሩበል በድርጭት ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ በጩኸት የሞቱት ሕዋሳት በአዲስ መተካታቸውን አስረዱ። በወፎች ጆሮ ውስጥ ደጋፊ የሚባሉት ጎረቤት ሕዋሳት እየተከፈሉ የሞቱትን ይተካሉና ነው። በአጥቢ እንስሳትም ዘንድ ደጋፊዎቹ አሉ፤ ነገር ግን አዲስ የተወለደች አይጥ እንኳ ይህን ችሎታ ለጥቂት ቀን በመጠኑ ይዛ ትቆይና ወዲያው ታጣዋለች።

እንግዲህ የሊቃውንቱ ድካም ይህን የተዘጋ በር ለመክፈት ነው። በ2013 የቦስተን ተመራማሪዎች በጩኸት በደነቆሩ አይጦች ጆሮ ውስጥ በመድኃኒት ኀይል ጥቂት ሕዋሳት አበቀሉ፤ መስማታቸውም በመጠኑ ተመለሰ። ይሁን እንጂ አይጥ ሰው አይደለችም። በ2023 ፍሪክዌንሲ ቴራፒዩቲክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሰው ላይ የፈተነው መድኃኒት፣ ለማነጻጸሪያ ከተሰጠው ባዶ መድኃኒት ሳይሻል ስለ ቀረ ሥራው ተቋረጠ።

በ2024 ደግሞ በሻንግሃይ፣ ሲወለዱ ጀምሮ መስማት ከተሳናቸውና ሕክምና ከተደረገላቸው ስድስት ሕፃናት አምስቱ መስማት መጀመራቸው ተነገረ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የነዚያ ሕፃናት ሕዋሳት አልሞቱም፤ በዘር ጉድለት አንድ ፕሮቲን አጥተው ነበር እንጂ። ሁለቱን ደባልቆ ማውራት ልጁ በማጅራት ገትር ለደነቆረበት ወላጅ ያልተገኘ መድኃኒት እንደ መሸጥ ይቈጠራል።

ምርምሩ መቀጠል ይገባዋል። ዛሬ በእጃችን ያለው ግን መከላከል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መግለጫ፣ ከሕፃናት የመስማት ጉድለት 60 በመቶ ያህሉ ሊከላከሉት በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው። አገራችንም በአፍሪቃ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። ስለዚህ ክትባት በወቅቱ መድረሱን የሚከታተል፣ የፋብሪካ ሠራተኛም የጆሮ መከለያ ማግኘቱን የሚቈጣጠር ወጣት ሹም፣ ላቦራቶሪ ሳይገባ ብዙ ጆሮ ያድናል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።