አባቴና የዓባይ በረሃ መንገድ

አባቴ አንድም መንገድ አስመርቆ አያውቅም። የመንገድ መሐንዲስ ነበር፤ ዕድሜውን የፈጀው ግን ሌሎች ሠርተው ያስረከቡትን በመጠበቅ ነው። በጥገና ሥራ ጀምሮ በጥገና ሥራ ላይ ሳለ ጡረታ ወጣ። ዘንድሮ ዐረፈ። ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት መካከል “የትኛውን መንገድ ነው የሠሩት?” ብለው የጠየቁኝ ነበሩ። ጥያቄው ከአክብሮት የመጣ ነው። መልሱ ግን ድንኳን ውስጥ ቆሞ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ የዛሬውን ዓምዴን ለእሱ ሰጥቻለሁ።

አባቴ የሠራበት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ትቶት የሄደው መንገድ ጠጋኝ አጥቶ ድልድዩ እየተሰበረ፣ ቦዩ እየተደፈነ ይፈርስ ነበር። የዓለም ባንክ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያውን ብድር የሰጠው በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ሲሆን፣ ከብድሩ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ የተመደበ ነበር። አባቴ ይህን ታሪክ መናገር ይወድ ነበር። “መሥሪያ ቤታችን የተወለደው የፈረሰውን ለማንሣት ነው” ይል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን ይመሩ የነበሩት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ናቸው። የአዲስ አበባው የምህንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ቦታውን ኢትዮጵያውያን እየተረከቡ ሄዱ። አባቴ በ1960ዎቹ ተመርቀው ወደየአውራጃው ከተበተኑት አንዱ ነበር።

ብዙ የደከመበት ቦታ ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ደጀን እስኪወጣ ድረስ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ያንን መንገድ በአውቶቡስ የወረደ ሰው ሁሉ ጠመዝማዛውንና ሙቀቱን ያስታውሳል። አባቴ የሚያስታውሰው ከአስፋልቱ ሥር ያለውን ነበር። ልጆች ሳለን ወረቀት ላይ እየሣለ ያስረዳን ነበር፤ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጭቃ መሰሉና ጂፕሰም ያለበት ለስላሳ ንብርብር፣ ከታች ወንዙ አጠገብ አሸዋ ድንጋይ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ በላይኛው ድንጋይ ስንጥቅ ይሰርጋል። እየወረደም ለስላሳው ንብርብር ላይ ሲደርስ መውጫ ያጣል። በገደሉ ወገብ ላይ የተከመረው ልቅ አፈር ውሃ ጠጥቶ ይከብድና መንሸራተት ይጀምራል፤ መንገዱንም አብሮ ይዞት ይወርዳል። አስፋልቱ በመጀመሪያ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ጠርዙ ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት የጣለ ዝናብ ይበቃዋል።

“መንገድ የሚገድለው ውሃ ነው” ይለን ነበር። ከባድ መኪናን እንኳ ሁለተኛ አድርጎ ነበር የሚቆጥረው። ስለዚህ ለእሱ ትልቁ ወር ግንቦት ነበር። ሰኔ ሳይገባ ቦዩ ሁሉ ተጠርጎ፣ ቱቦው ሁሉ ተከፍቶ ማለቅ አለበት። ላንድሮቨሩን ከኋላው እያስከተለ በእግሩ ይሄዳል፤ አካፋና ድጅኖ የያዙት ሠራተኞች አብረውት ይሄዳሉ። ስንጥቅ ካገኘ በግራና በቀኙ ምስማር ያስመታና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለክቶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። በሳምንቱ ተመልሶ ይለካዋል። ርቀቱ ከሰፋ መሬቱ እየሄደ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ከላይ የሚመጣውን ውሃ መንገዱ ላይ ሳይደርስ ማስቀየስ፣ ከታች ደግሞ በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ድጋፍ ማቆም የግድ ይሆናል።

ቀለም ያልቆጠሩ አንድ ሽማግሌ ፎርማን ነበሩ። አባቴ “ጋሼ” እያለ ነበር የሚጠራቸው፤ እሳቸው ደግሞ በዕድሜ ልጃቸው ለሚሆነው ሰው “ኢንጂነር፣ እዚህ ጋ ዘንድሮ ምንጭ ወጥቷል፣ ይዩት” ይሉት ነበር። ሄዶ ያያል። ዲግሪዬ ይበልጣል ብሎ ምክራቸውን የዘለለበትን ቀን አላስታውስም። ዛሬ በየሥራ ቦታው የምናየው የወጣት ባለሙያና የነባር ሠራተኛ መናናቅ የሚያሳዝነኝ፣ ተቃራኒውን በገዛ ቤቴ አይቼ ስላደግሁ ነው።

የዚህን ሥራ ዋጋ የከፈለችው እናቴ ናት። ሐምሌና ነሐሴ አባታችን ቤት አይገኝም ነበር። ትምህርት ቤት መመዝገቡ፣ የልጅ ሕመሙ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ ሁሉ በእሷ ትከሻ ላይ ነበር። ሌሊት ዝናብ ሲበረታ ተነሥታ ትጸልይ እንደነበር አውቃለሁ። እንቁጣጣሽን ያለ አባት ያከበርንባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም። ስለ መንገድ ሠራተኛ ሲነገር ሚስቱ ካልተነሣች ታሪኩ ጎዶሎ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከአሮጌው ጎን ሲከፈት፣ አባቴ ጡረተኛ ነበር። ወስጄ አሳየሁት። ድልድዩን ከልቡ አደነቀ፤ የገመዶቹን አወጣጠር ቆሞ አብራራልኝ። ደጀን እስክንወጣ ግን ዐይኑ ከመንገዱ ዳር አልተነሣም። ሁለት ቦታ አስቆመኝና ወርዶ ቦዩን አየ። መንገዱ እንደ አዲስ ከተሠራም በኋላ የበረሃው መሬት መንሸራተቱን አላቆመም፤ የጃፓን ባለሙያዎችም ተመልሰው ጥናት አድርገውበታል። አባቴ ይህን ሲሰማ አልተገረመም።

በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራሙ ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር። ዛሬ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በልጧል። ትልቅ ሥራ ነው፤ አባቴም ይኮራበት ነበር። በዚያው በ1989 ዓ.ም. ከነዳጅ ላይ እየተሰበሰበ ለጥገና የሚውለው የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ደግሞ የቤታችን በዓል ነበር። ገንዘቡ ግን ቦታውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የትኛው ቱቦ በየትኛው ዝናብ እንደሚደፈን፣ የትኛው ዳገት በስንት ዓመቱ እንደሚነቃነቅ የሚያውቀው እዚያው የከረመ ሰው ነው። ይህ ዕውቀት በየመሐንዲሱና በየፎርማኑ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፤ ካልተጻፈም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

አባቴ ጽፎታል። ደብተሮቹ ካርቶን ሙሉ ናቸው፤ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የምስማሮቹ ርቀት፣ ምንጩ የወጣበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ ሰፍሯል። ስካን አስደርጌ ለመንገድ ምህንድስና መምህራንና በመስኩ ላሉ ባለሙያዎች ልሰጥ ነው። አባታችሁ ወይም እናታችሁ በመንገድ፣ በውሃ፣ በመብራት፣ በድልድይ ሥራ ላይ የቆዩ ከሆነ፣ ቤት ስታጸዱ እንዲህ ዓይነት ደብተር ብታገኙ አትጣሉት። ባለቤቶቹ በሕይወት ካሉ ደግሞ በዚህ ሳምንት አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ጠይቋቸው፣ ጻፉ።